ከሁሉ በላይ አባቴ

ዘፈኑ የኔ ነው። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ግጥሙም የኔ፣ ዜማውም የኔ፣ መሐል ላይ ጊታሩ ብቻውን የሚጮህባት ቦታም የኔ ናት። በስሙ ያስጻፈው ሰውዬ ዛሬም በሕይወት አለ። ባለፈው ክረምት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ። እሱ ዞር ብሎም አላየኝም፣ እኔ ግን ማጅራቱን አይቼ ብቻ አወቅኩት። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ልጆች ወለድን፣ ልጆቻችንም ወለዱ፤ ያ ማጅራት አሁንም «በጥፊ በለኝ» ይለኛል። ሚስቴ «አንተ ስታረጅ ቂምህ አያረጅም እንዴ?» ትለኛለች። አያረጅም። ለምን እንደማያረጅ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያደግኩት ቀበና ነው፤ ከወንዙ በላይ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ዳገት ጥግ። አባቴ የፍሬን መካኒክ ነበር። ሌላም ሌላም ይሠራል፣ ግን ሰው የሚያውቀው በፍሬን ነው። ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል የሚመጣው መኪና ገና ሳይታይ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «የዚህ ሰውዬ ሸራ አልቋል፤ ብረት በብረት እየፋቀ ነው» ይላል። በማግስቱ ሹፌሩ ጋራዡ ከች ይላል። አባቴ በልጅነቱ ከወለጋ የመጣ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። እኔ በማን እንደወጣሁ እንጃ። እናቴ «ይሄ ቁጣ በኔ በኩል የመጣ ነው» ብላ ጥፋቱን ወደ ራሷ ትወስድ ነበር።

አባቴ ጴንጤ ነበር። ያኔ ቃሉ ስድብ ነው፤ ልጆች ከኋላችን እየተከተሉ ይሉን ነበር። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተወርሶ፣ ከዚያ በኋላ በየቤቱ በተራ እየገቡ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። በሹክሹክታ መዘመር ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም፤ አሥራ አምስት ሰው አፉን ከፍቶ ድምፅ የለም። የጸሎት ቤቱ ጊታር እኛ ቤት አልጋ ሥር በአንሶላ ተጠቅልላ ተደብቃ ነበር። ጣቴን ያፍታታሁት በሷ ነው። ክሯ ሲበጠስ አባቴ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ዘለላ መዝዞ ይቀጥልልኝ ነበር።

ሮክን ያመጣብኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ከኮፒ የተቀዳ ካሴት፣ ግማሹ ሹሹታ። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባንም፤ የሚገባን ጩኸቱ ነው። አንዱን ዘፈን «ይሄ ልጅ ለአባቱ የሚዘፍነው ነው» አለኝ። አላመንኩትም። በኛ አገር ለእናት የተዘፈነው ተቆጥሮ አያልቅም፤ ለአባት ግን ማን ይዘፍናል? አባት ይፈራል፣ ይከበራል፣ ሲሞት ይለቀስለታል። በኤሌክትሪክ ጊታር እየጮኹ አባትን እወድሃለሁ ማለት ይቻላል ብሎ ማን አሰበ? ካሴቱን እስኪለጠጥ አዳመጥኩት። አንድ ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ ሰማና «ይሄ ጊታር ሸራው አልቋል» ብሎኝ ሄደ። ስለ ሮክ ከሰማሁት ሁሉ ልክ የሆነው አስተያየት ይሄ ነው።

ኤሌክትሪክ ጊታር በሰፈራችን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቀበሌው ኪነት ቡድን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ኪነት ገባሁ። አልደብቅም፣ ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ስም ሲያዝ የኪነት ልጆች ይታለፋሉ ይባል ነበር። ለአባቴ የነገርኩት ቀን ብሎን እያጠበቀ ነበር። ቀና ሳይል «ለነሱ ነው የምትጫወተው?» አለኝ።

«ጊታር ነው የምጫወተው፣ አባባ። ለማንም አይደለም።»

«ያን እጅ ማን እንዳስለመደልህ ታውቃለህ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እጄ የራሴ ነው!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌው ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። አንድ ገበታ ቀርበን፣ እናቴ መሐላችን ተቀምጣ «ጨው አቀብለኝ በይው» እየተባለች አስተርጓሚ ሆነች። በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ታሰረ።

አያያዙ ቀላል ነበር። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ መቅረት አይቻልም። ማብቂያው ላይ ሕዝቡ ተነስቶ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ፣ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ይላል። አባቴ ሁልጊዜ ከኋላ ምሰሶ ጥግ ስለሚቆም አያዩትም ነበር። የዚያን ቀን ግን አዳራሹ ሞልቶ ወደ ፊት ገፉት። መፈክሩ ሲነሳ እሱም ተነሳ፣ ቆመ፣ አፉን ዘጋ። እጁ እንደወረደ ነው። ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ እጅህን አሞሃል?» አለው። አባቴ በዚያችው ዝቅ ባለች ድምፁ «እጄ ደህና ነው። ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር ነው፤ ሌላ ማለት አልችልም» አለ። እኔ መድረኩ ላይ ጊታር አንግቼ ቆሜያለሁ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው በጎኔ አሳለፉት። ስብሰባው ሲያበቃ መዝሙር መጫወት ነበረብኝ። ተጫወትኩ።

ቀበሌው ከአንድ ባላባት የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ አዳራሽ ሆኗል፣ የመኪና ማቆሚያው ጋራዥ እስር ቤት። መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ታሰረ፤ የሌላ ሰው አባት ቢሆን እስቅ ነበር። ሳሎኑንና ጋራዡን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ ኪነቱም የሚለማመደው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ስንቅ በየቀኑ ቀትር ላይ እናደርሳለን፤ ጠባቂው ሰሃኑን ከፍቶ፣ እንጀራውን ገልጦ፣ ወጡን በማንኪያ አማስሎ ያስገባል። መነጋገር የሚፈቀደው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ፣ ጠባቂ መሐል ቆሞ። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ «አባባ፣ ያን ቀን ያልኩህን ይቅር በለኝ» ማለት አቃተኝ። ሁለት እሑድ ሄጄ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ወንድ ልጅና አባቱ ሲኳረፉ ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት። ከሁለተኛው እሑድ ስመለስ ዳገቱ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፦ አፌ ያልቻለውን ጊታሩ ይበለው። ግድግዳ የሚበሳ ዘፈን እሠራለሁ፤ አባቴ ከወዲያ ሆኖ ይሰማኛል።

በአራት ቀን ሠራሁት። የኪነቱን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ስንጥቅ ስንጥቅ አደረግኩት፣ ያን ሸራው ያለቀ ድምፅ እንዲያወጣ። ግጥሙ የመጣው ከአንድ ቀን ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ አባቴ የደንበኛ ላንድሮቨር ሊሞክር ይዞኝ እንጦጦ ወጣ። ስንመለስ መሪውን ሰጠኝ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። እኔ ጮህኩ፤ እሱ አልጮኸም። እጁን በእጄ ላይ አድርጎ፣ በማርሽ እያስያዘ፣ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ስትቆም እንኳ እጁን ቶሎ አላነሳም። እንግዲህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ቁልቁለቱ ሲፈጥን ልቤ ሲሸበር፣
እጅህ ከእጄ በላይ መሪው ላይ ነበር፤
እጄ የራሴ ነው ብዬ ስቆጣ ስወጣ፣
ይሄ እጅ ታዲያ ከየት አባቱ መጣ፤
ፍሬኔ አንተ ነበርክ፣ አንተ ነህ ጉልበቴ፣
ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉ በላይ አባቴ።

«ከየት አባቱ» የምትለዋን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅኩ። እሱም ግድግዳው ጀርባ ሆኖ እንደሚስቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ይቅር በለኝ ማለት ሳያስፈልገኝ ይቅር እንደሚለኝም።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። የኪነቱ ኃላፊ ነበር፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ይሄን አልክደውም፤ ቂመኛ ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም፣ ያኔ ገና አልነበርኩም። ራሱ የሚጽፈው ግን አንድም ነገር አልነበረውም። ያለሱ ፈቃድ አዲስ ዘፈን አይገባምና፣ ከልምምድ በፊት ጊታሩን ሳልሰካ፣ ቀስ ብዬ ዘፈንኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ድገመው እስቲ።» ደገምኩለት። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተው፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጅል ነኝ፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ዘፈኑ በታይፕ ተመትቶ ለኮረሱ ታደለ። ከላይ «ግጥምና ዜማ» ይልና የሱ ስም። የእጄ ስንኝ ተቆርጣ ወጥታለች። «ፍሬኔ» የሚለው «ሞተሬ» ሆኗል። መጨረሻው ደግሞ «ከሁሉ በላይ አብዮቴ»።

ወረቀቱን ይዤ ውጭ ጠራሁት። «ይሄ ለአባቴ የሠራሁት ነው!» አልኩት።

«አብዮት ፍሬን አይሆንም፣ ጓድ። አብዮት ሞተር ነው» አለኝ፣ ቁም ነገር ያስተማረኝ መስሎት። ከዚያ ጠጋ ብሎ «አባትህ የት እንዳለ አትርሳ። የዘማች ስም ዝርዝር ሲወጣ የኪነት ልጆችን ማን እንደሚያስቀርም አትርሳ። ይሄ ዘፈን ለአብዮት በዓል ከሌሎቹ ቀበሌዎች ጋር ከፍተኛው ላይ ይወዳደራል፤ አንተ ጊታርህን ምታ» አለኝ። መታሁ። ምን አደርጋለሁ?

እንግዲህ አስቡት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አንድ ግድግዳ ጀርባ አባቴ ተቀምጧል። የታሰረው አንድ ቃል አልልም ብሎ ነው። የኔ ጊታር ያንኑ ቃል እያጀበ ይጮህበታል፤ ያውም ግድግዳ እንዲበሳ ብዬ በገዛ እጄ በሰነጠቅኩት ስፒከር። እሑድ ስሄድ አባቴ ሰሃኑን ተቀበለኝ።

«ጊታርህን እሰማለሁ» አለኝ። «እጅህ በጣም ተፍታቷል።»

የሰሃኑን ክዳን አቀበልኩት።

«ቃሉንም እሰማለሁ።»

ጠባቂው መሐላችን ቆሟል፣ አፍ አፋችንን እያየ። ቃሉ የኔ አይደለም ብል ነገ እኔም እዚያው ነኝ። አባቴ ጥቂት ጠበቀኝ፤ የምለው ነገር እንዳለ ፊቴ ላይ አይቶ መሰለኝ። እኔ ግን ስለ ዝናቡ አወራሁ። ከዚያ ሲወጡ ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። «ልኩን ካላሳየሁት እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም» ብዬ በወንዙ ላይ ማልኩ። መሐላዬ ቃል በቃል እንደሚደርስ ማን ነገረኝ?

ሦስት ሳምንት አውጠነጠንኩ። ጉሮሮው እንዲሰነጠቅ ጊታሩን ከፍ አድርጌ ልቃኝ አሰብኩ፤ ትንሽ ነው። ክሩን ልበጥስ አሰብኩ፤ እሱም ትንሽ ነው። በመጨረሻ ያገኘሁት መሣሪያ አንዲት ቃል ነበረች፤ በዚያ ዘመን ሁሉን በር የምትከፍት፣ ሁሉን አፍ የምትዘጋ። «ከበላይ የመጣ ነው» ይባላል፤ በቃ፣ ማንም «ማነው በላይ?» ብሎ አይጠይቅም። ከሊቀመንበሩ እስከ ዘበኛው፣ ሁሉም ከበላይ የመጣ ሲባል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ዘፈኑ አሠራሩ ቅብብል ነው። ኃላፊው ብቻውን «ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉ በላይ» ይልና፣ የመጨረሻዋን ቃል አሥራ አንዱ ኮረስ በአንድ ድምፅ ይጥላታል። የበዓሉ ዋዜማ ላይ የኮረሱን መሪ ወደ ጥግ ጠራኋት። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ መመሪያ አክባሪ።

«ነገ የመጨረሻዋ ቃል ትቀየራለች» አልኳት። «አብዮቴ ቀርቶ አባቴ ነው የምትሉት። ከበላይ የመጣ ነው፤ ኃላፊው ነው የላከኝ።»

«አባቴ? የቱ አባት?»

«የአገር አባት ነዋ! ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልጠየቅኩም!» አለች ደንግጣ።

«እስከ ነገ ከአፋችሁ እንዳይወጣ። እሱ ፊትም እንዳታነሱት፤ ድንገተኛ ነው።» ከዚያ ዘመን ሰው ይልቅ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሥራ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

የከፍተኛው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከፊት እንግዶች፣ ካድሬዎች፣ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ፤ ከኋላ ከየቀበሌው ስም እየተጠራ የመጣ ሕዝብ። ኃላፊው አዲስ ካኪ ለብሶ፣ ጠጉሩን ተቀብቶ ወጣ። ጀመርን። የመጀመሪያውን ስንኝ ግሩም አድርጎ ዘፈነው። ከዚያ ግራ እጁን ወደ ላይ ጨብጦ «ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉ በላይ…»

«አባቴ!»

አሥራ አንድ ጉሮሮ። ኃላፊው ያልሰማ መስሎ ቀጠለ፤ ጆሮው ግን ቀላ። እኔ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ እስከ ጥጉ ጠመዘዝኩት። ሁለተኛው ዙር ደረሰ፣ ማቆም አይችልም፣ ከበሮው ይዞታል። «ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉ በላይ…»

«አባቴ!»

ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን አንስተው «አሜን!» አሉ። ጮክ ብለው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጭብጨባ። ሦስተኛው ዙር ላይ ኃላፊው አፉን ዘግቷል፤ ግን አላስፈለገም፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ራሱ «ከሁሉ በላይ፣ ከሁሉ በላይ አባቴ!» ይላል። ያን ጊዜ ነው በግድ የመጣው ሰው ውስጥ ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ስንት እንደነበረ የገባኝ። እኔ የጻፍኩት ስለ መካኒኩ አባቴ ነው፤ እነሱ የሰሙት ስለ ሰማዩ አባታቸው ነው፤ ካድሬዎቹም የሰሙት ያንኑ ነው። ይሄን ያህል አላሰብኩም ነበር፣ እውነቴን ነው። እኔ ያሰብኩት ሰውዬው ሲዋረድ ብቻ ነው። አንዱ ካድሬ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳና «መብራቱን አጥፉት!» አለ። ጊታሬ ዝም አለ፤ ሕዝቡ ግን ለጥቂት ጊዜ ቀጠለ።

ኃላፊው መድረኩ ላይ ላቡ ካኪውን አርሶት «የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም» ይላል። በታይፕ የተመታውን ወረቀት ከኪሱ አወጡበት፤ «ግጥምና ዜማ» የሚለው ሥር ስሙ በደማቁ ተጽፏል። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይዘውት ሲሄዱ ሆነ ብዬ በጎኔ እንዲያልፍ ቆምኩለት፤ ያለፈ ጊዜ አባቴን እንዳሳለፉብኝ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ያኔ ገባው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው ጠራኝ። ኮረሱን ገሥጸው ለቀዋል፤ ሁሉም «ከበላይ የመጣ ነው፣ ኃላፊው በጊታር መቺው ልኮብን ነው» ብለዋል። እኔም «አዎ፣ እሱ ነው የላከኝ» ብዬ ጨርሻለሁ። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ኃላፊውን አስገቡት፤ ካኪው ተጨማድዷል፣ ጢሙ አድጓል። እኔን ሲያይ እንደ ልጅ ጮኸ።

«እሱ ነው የጻፈው! ለአባቱ ነው የጻፈው፣ አባቱ እዚሁ ጋራዡ ውስጥ አለ! የመጀመሪያው ቃል አባቴ ነው፤ ወደ አብዮቴ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ስሜንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእናቴ ሞት! ጠይቁት!»

ሁሉም እውነት ነው። ስንት ሳምንት ሙሉ ከአፉ እንዲወጣ የፈለግኩት ቃል በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል። መርማሪው እርሳሱን አነሳና «ዘፈኑ ያንተ ነው?» አለኝ።

አዎ ብል የሚሆነውን አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። እገባለሁና ከአባቴ ጎን እቀመጣለሁ፣ ዘፈኔም የኔ ይሆናል። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ምላሴን ያንቀሳቀሰው ፍርሃቱ አልነበረም። ሰውዬው ፊት ላይ ተስፋ አየሁ። ያን ተስፋ ማየት አልቻልኩም፤ አንድ ደቂቃ እንኳ እንዲቆይለት አልፈለግኩም።

«የኔ አይደለም» አልኩ። «እኔ ጊታር መቺ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?»

መርማሪው ጻፈ። ግጥሙም ዜማውም የኔ አለመሆኑን፣ ስለ አባቴም የጻፍኩት ምንም ዓይነት ዘፈን አለመኖሩን አረጋግጣለሁ የሚል ነው። አንብቤ ፈረምኩ። ሰውዬውን እየጎተቱ አወጡት። የዚያን ቀን ዳገቱን እያፏጨሁ ነው የወጣሁት፤ የገዛ ዘፈኔን።

እሑድ ስንቅ ይዤ ሄድኩ። አባቴ ከስቶ ነበር፣ ግን ከወትሮው ቀደም ብሎ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሰሃኑን ሳይቀበለኝ ጀመረ።

«ያ ኃላፊህ እኛ ጋ ነው፤ አጠገቤ ቦታ ሰጠነው» አለ። «አንድ ነገር ነገረኝ። ያ ዘፈን ቃሉ ሌላ ነበር አለኝ። ልጅህ ላንተ ነው የጻፈው፣ እኔ ነኝ የነጠቅኩት፣ ይቅር በለኝ አለኝ። ከዚያ ዘፈነልኝ፣ የተቆረጠችውን ሳትቀር። ‹ከየት አባቱ መጣ› ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ይሄን የሚል ከኔ ልጅ በቀር ማን አለ አልኩ።» ፈገግ አለ፤ ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ እስረኛው ሁሉ ድገመው እያለ አስዘፈነው። የተዘፈነለት አባት እሱ ነው እያሉ በጣት ይጠቁሙኛል። ሁለት ቀን እንዲያ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።»

ጠባቂው ጠጋ አለ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከዚያ መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣና አነበበልን። የኔ አይደለም፣ ስለ አባቴም የጻፍኩት ዘፈን የለም ይላል። ፊርማውን አሳየኝ። ያንተ መሰለኝ። ያንተ ነው?»

ከጀርባው፣ በብረት በሩ ፍርግርግ በኩል፣ ያ ሰውዬ ቆሞ ያየኛል። እዚያ ባይቆም ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ አላውቅም። ፍርግርጉን በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ መልሴን ከአባቴ እኩል ይጠብቃል።

«የኔ ነው» አልኩ። «ፊርማው የኔ ነው፣ አባባ።»

«ዘፈኑስ?»

«ዘፈኑ የኔ አይደለም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ደጋግሞ። አመነኝ። ውሸት እንደማልናገር ያውቃል።

«እንግዲያው በሌላ ሰው ልጅ ዘፈን ነው ደስ ሲለኝ የከረምኩት» አለ። ከዚያ ያዘንኩ መስሎት ሊያጽናናኝ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ግድ የለም። ዘፈኑ ግን ደግ ዘፈን ነው። የዚያ ልጅ አባት የታደለ ሰው ነው።»

ሰሃኑን ተቀበለኝ፣ እናቴን ሰላም በልልኝ አለኝና ገባ።